ቀኑን መለስ ብሎ ማየት፦ የኢግናጢዮስ ዘሎዮላ ሕይወትና የኅሊና ምርመራ

ከዚራን የሚያውቅ ሰው የቀትሩን ሰዓት ያውቀዋል። ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ይሰበሰባል። ድሬ ላይ ቀኑ ለሁለት ይከፈላል ብንል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱን የማነሳው ሰው ድሬዳዋን አላያትም፤ እሱ ሲሞት ከተማችን ልትቆረቆር ከ340 ዓመት በላይ ይቀራት ነበር። ሆኖም ቀንን ለሁለት ከፍሎ፣ በቀትርና በማታ ትንሽ ቆም እያሉ ራስን መመርመርን የዕለት ተዕለት ሥራ ያደረገ ሰው ነው። ስሙ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ ይባላል፤ የኢየሱሳውያን ወይም በተለምዶ ጀስዊቶች የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር መሥራች ነው።

ስሙን ቤት ውስጥ ሳነሳ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማንበብ የሚወዱት አያቴ ፊታቸው ተለወጠ። ጀስዊት ማለት ለእሳቸው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የፈሰሰው ደም ነው። ተሳስተዋል ማለት አልችልም። ታዲያ ልጆቹ አገራችንን ካመሱ ሰው ምን እንማራለን? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ሕይወቱን ያነበብኩት።

ኢግናጢዮስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1491 በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ምድር፣ ሎዮላ በተባለው የቤተሰቡ ግንብ ውስጥ ነው። የልጅነት ስሙ ኢኒጎ ነበር። በወጣትነቱ በመኳንንት ቤት ያገለገለ፣ ልብሱንና ጠጉሩን የሚያሳምር፣ ስለ ክብሩ ሰይፍ ለመምዘዝ የማይዘገይ ሰው ነበር። በግንቦት 1521 ፈረንሳዮች የፓምፕሎናን ምሽግ ሲከቡ፣ ሌሎቹ እጅ እንስጥ ሲሉ እሱ አይሆንም ብሎ አዋጋ። የመድፍ ጥይት ቀኝ እግሩን ሰበረው፤ ምሽጉም ወዲያው ተያዘ።

አጥንቱ መጀመሪያ በትክክል ስላልገጠመ እንደገና ተሰብሮ ተጠገነ። ከዳነ በኋላ ግን ከጉልበቱ በታች ጎላ ብሎ የወጣ አጥንት ቀረ። ይህ ደግሞ በዚያን ጊዜ ፋሽን የነበረውን ጠባብ ቦት ጫማ የሚያስለብስ አልነበረም። ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን አጥንቱ በመጋዝ ይቆረጥልኝ አለ፤ ተቆረጠለትም። ለመልኩ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ነበር። ያም ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ እያነከሰ ኖረ።

አልጋ ላይ ሳለ ጊዜ ማሳለፊያ የጀግኖች ልብ ወለድ ጠየቀ። በቤቱ የተገኙት ግን የክርስቶስ ሕይወትና የቅዱሳን ገድል ብቻ ነበሩ። አማራጭ ስላልነበረው እነሱን አነበበ። ነገሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን ስለ ጦርነት ዝናና ስለ አንዲት ትልቅ እመቤት ሲያልም ይውላል፤ ሌላ ቀን ደግሞ እንደ ቅዱሳኑ ለመኖር ያልማል። ሁለቱም ሕልም በሰዓቱ ደስ ይለዋል። ልዩነቱን ያወቀው በኋላ ነው፦ የመጀመሪያው ሲያልፍ ልቡ ባዶና ደረቅ ሆኖ ይቀራል፣ የሁለተኛው ደስታ ግን ሐሳቡ ካለፈም በኋላ ይቆያል። ይህች ትንሽ የምትመስል ትዝብት የኋላው ትምህርቱ ሁሉ መሠረት ሆነች። ሰው ሐሳቡን በጣመው ሰዓት ብቻ ሳይሆን ካለፈ በኋላ ምን ትቶ እንደሄደ መመርመር አለበት ማለት ነው።

በመጋቢት 1522 ሰይፉን በሞንሴራት ገዳም በእመቤታችን መሠዊያ ፊት ትቶ፣ ማንሬሳ በምትባል ከተማ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በልመናና በጸሎት ኖረ። እዚያ የገጠመው ችግር ለእኛም ትምህርት አለው። ራሱን መመርመር በሽታ ሆነበት። የተናዘዘውን ኃጢአት መልሶ ይናዘዛል፣ አሁንም አንድ የረሳሁት አለ እያለ ይጨነቃል። እስከ ሳምንት ድረስ እህል ሳይቀምስ ጾመ፤ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ሁሉ መጣበት። የንስሐ አባቱ ጾሙን እንዲያቆም አዘዙት። በመጨረሻም ያ ማለቂያ የሌለው ራስን መክሰስ ከእግዚአብሔር እንዳልሆነ ገብቶት ያለፈውን ኃጢአት እየቆጠረ መናዘዙን ተወ።

ምናልባት ለዚህ ይሆናል በኋላ ያስተማረው የኅሊና ምርመራ በክስ የማይጀምረው። አምስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሰው ስለተቀበለው በጎ ነገር እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ሁለተኛ ኃጢአቱን ለማወቅና ለመተው ጸጋን ይለምናል። ሦስተኛ ቀኑን ከተነሳበት ሰዓት ጀምሮ በሐሳብ፣ በቃልና በሥራ እየለየ ይቃኛል። አራተኛ ስለ በደሉ ይቅርታ ይጠይቃል። አምስተኛ ለማረም ይወስናል፤ በአባታችን ሆይ ይዘጋል። ሌላም ዘዴ አለው። አንድ ሰው አንድ የተለየ ጉድለቱን፣ ለምሳሌ ቁጣን፣ ይመርጥና ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት መስመር ያሰምራል፤ አንዱ ለቀትር፣ አንዱ ለማታ። በወደቀ ቁጥር ነጥብ ያኖራል። ከዚያ የቀትሩን ከማታው፣ ቀኑን ከቀን፣ ሳምንቱን ከሳምንት ያስተያያል። ይህ ሁሉ የሰፈረበት መንፈሳዊ ልምምዶች የተባለው መጽሐፉ በ1548 ታተመ።

ለተማሪ የሚቀርበው የሕይወቱ ክፍል ግን የትምህርት ቤቱ ነው። በ1523 ኢየሩሳሌም ደርሶ እዚያ መቅረት ሲከለከል፣ ሰውን ለመርዳት መማር አለብኝ ብሎ ወሰነ። በ33 ዓመቱ ገደማ ባርሴሎና ውስጥ ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ የላቲን ሰዋስው ጀመረ። ግሡን ሊያጠና ሲል አዲስ መንፈሳዊ ሐሳብ እየመጣ ጥናቱን ያስተወዋል። ሐሳቡ ቅዱስ ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል? እሱ ግን ጠረጠረው። በጸሎት ሰዓት የማይመጣ ነገር በጥናት ሰዓት ለምን ይመጣል ብሎ መረመረና ፈተና መሆኑን ለየ። ከዚያ ወደ መምህሩ ሄዶ ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርቱ እንደማይቀር ቃል ገባ። እኛስ ፈተና ሲደርስ ስንት ጥሩ ሰበብ ነው የሚመጣልን?

በአልካላና በሳላማንካ ያለ ፈቃድ ታስተምራለህ ተብሎ ታስሮ ተፈታ። በ1528 ፓሪስ ገባ፤ በሴንት ባርብ ኮሌጅ ከፒየር ፋቭርና ከፍራንሲስ ዣቪየር ጋር አንድ ክፍል ተጋራ። ነሐሴ 15 ቀን 1534 ሰባት ሆነው በሞንማርትር ኮረብታ ቃል ኪዳን ገቡ። ማኅበሩን ጳጳስ ጳውሎስ ሦስተኛ በ1540 አጸደቁለት፤ በዓመቱ እሱ አለቃ ሆኖ ተመረጠ። ዓለምን በእግሩ የዞረው ሰው ቀሪ ዘመኑን ሮም ውስጥ ደብዳቤ ሲጽፍ አሳለፈ። ለተማሪ መነኮሳት ረጅም ጸሎት አላበዛባቸውም፤ ጥናታቸውም አገልግሎት ነው ይል ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ የሚደረገውን የኅሊና ምርመራ ግን አላስቀረላቸውም።

አሁን ወደ አያቴ ጥያቄ ልመለስ። ኢግናጢዮስ ኢትዮጵያን በጣም ያስብ ነበር፤ ጓደኞቹ ካልተቃወሙ ራሱ ለመምጣት ፈቃደኛ መሆኑን ለፖርቱጋል ንጉሥ ገልጾ ነበር። በ1555 ለአፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጻፈ። ፓትርያርክ ሆኖ ለተሾመው ለዧዎ ኑኜስ ባሬቶ በሰጠው መመሪያም ነገሩ በየዋህነትና ቀስ በቀስ እንዲሄድ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል እንዲከፈት መከረ። እውነቱን እንናገር ካልን ግን ዓላማው ያው ነበር፤ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ከሮም ሥር ማድረግ። አፄ ገላውዴዎስ በበኩላቸው በዚያው ዓመት የአባቶቻቸውን ሃይማኖት የሚያስረዳ የእምነት መግለጫ ጻፉ። ኢግናጢዮስ ሐምሌ 31 ቀን 1556 ሞተ። ባሬቶ ኢትዮጵያ ሳይደርስ ቀረ። በ1557 የመጣው ጳጳስ ኦቪዬዶ ደግሞ የዋህነቱን ምክር ብዙም አልያዘውም። ገላውዴዎስ በ1559 ከሐረሩ አሚር ኑር ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ወደቁ።

ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገብቶ በትዕግሥት ሠራ፤ ከእሱ በኋላ በ1625 የመጣው ሜንዴስ ግን ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ አስገደደ። አገር በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰ። በ1632 አፄ ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ጀስዊቶችም ከአገር ተባረሩ።

እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ እዚሁ ላይ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የራሱን ጉድለት በነጥብ የሚቆጥር ሰው፣ የሌላውን እምነት ለማረም ሲነሳ መቁጠሪያውን ሊረሳው ይችላል። ልምምዱ ጥሩ ነው፤ የሚለማመደው ሰው ግን ከስሕተት አይድንም። ቢሆንም ታሪኩ በመባረር ብቻ አላበቃም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አፄ ኃይለ ሥላሴ የካናዳ ጀስዊቶችን ለማስተማር ጋበዙ። በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በመጀመሪያ የመሩት ከእነሱ አንዱ የሆኑት ሉሲየን ማት ናቸው። የአገራችን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የተጀመረው ከተባረሩት ሰዎች ልጆች ጋር ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለአያቴ ነገርኳቸው። ሱስንዮስን አልረሱለትም፤ እንዲረሱም አልጠየቅኋቸውም። ስለ አምስቱ ደረጃ ግን በጥሞና ሰሙኝና ይሄማ የንስሐ አባታቸው ሲመክሯቸው የኖሩት ነው አሉኝ። የዶርም ጓደኛዬ ደግሞ በእስልምናም ሙሐሰባ የሚባል ራስን መተሳሰብ እንዳለ አጫወተኝ። እኔ ሁለቱን መስመር ደብተሬ ጀርባ ላይ ማስመር ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ የመረጥኩት ጉድለት ሰውን ሳያስጨርሱ መናገር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ነጥብ ብዛት ያሳፍራል። የሁለተኛው ትንሽ ቀነሰ፣ የሦስተኛው ደግሞ ጨመረ። ነገ ከቀትር በኋላ፣ ከዚራ ጭር ሲል፣ ከምስጋናው እንደገና እጀምራለሁ።