በ42 ዓመቱ ጀማሪ የተባለው ኳስ ወርዋሪ

አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚባል፣ አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ የሚመታበት ጨዋታ አላቸው። በጨዋታው ከባዱ ሥራ የወርዋሪው ነው። ከ18 ሜትር በላይ ርቆ የቆመው መቺ በቀላሉ እንዳያገኘው አድርጎ መወርወር አለበት። ጨዋታውን የሚከፍት ወርዋሪ ክንዱ ስለሚዝል በማግስቱ አይደገምም፤ ስለዚህ አንድ ቡድን ብዙ ወርዋሪዎች ያስፈልጉታል። በየዓመቱ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊትም ቡድኖቹ ወጣቶቻቸውን ሰብስበው ማን ተስፋ እንዳለው ይመዝናሉ።

ዛሬ ታሪኩን የመረጥንላችሁ ሊሮይ ፔጅ ግን እንዲያ ያለ ክንድ ይዞ ከ20 ዓመት በላይ ለዚህ ሚዛን አልቀረበም። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ ጥቁር ስለነበረ ነው። (ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፔጅ በ1906 በአላባማ ግዛት፣ በሞቢል ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ የሰው ልብስ እያጠቡ ብዙ ልጆች ያሳድጉ ነበር። እሱም ገና በልጅነቱ በባቡር ጣቢያ የመንገደኛ ሻንጣ ይሸከም ጀመር። ሳቸል፣ ማለትም ቦርሳ፣ የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት ከዚሁ የተነሳ ነው ይባላል።

ከትምህርት ቤት እየቀረ መዞር አበዛ። በ1918፣ በ12 ዓመቱ፣ የመጫወቻ ቀለበቶች ሰርቆ ተያዘና ማውንት ሜግስ በሚገኘው የጥቁር ልጆች ጠባይ ማረሚያ ትምህርት ቤት ገባ። አምስት ዓመት ከመንፈቅ እዚያው ቆየ። ታዲያ በዚያ ቦታ ኤድዋርድ ቢርድ የሚባሉ አሠልጣኝ ልጁን ልብ ብለው አዩት። እግሩን ወደ ሰማይ አንስቶ እንዲወረውር፣ ኳሱን እስከ መጨረሻው ቅጽበት እንዳይለቅ፣ የመቺውን አቋቋም እያየ ደካማ ጎኑን እንዲያነብ አስተማሩት። ዓለም በኋላ ያደነቀው አወራወር መሠረቱ የተጣለው እዚያ ነው።

በ1926 በጥቁሮች ሊግ ገባ። ትላልቆቹ ሊጎች በጽሑፍ የሰፈረ ሕግ ሳይኖራቸው በባለቤቶቹ ስምምነት ብቻ ጥቁርን አያስገቡም ነበር። ፔጅ በበርሚንግሃም፣ በፒትስበርግ፣ በካንሳስ ሲቲ ተጫወተ። ጥቁር ተጫዋቾች ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ሲንከራተቱ ብዙ ሆቴል አያሳድራቸውም፣ ብዙ ምግብ ቤትም አያስተናግዳቸውም። ውድድሩ ሲዘጋ ግን ፔጅ እነ ዲዚ ዲንንና ቦብ ፌለርን ከመሳሰሉ የነጮች ዝነኛ ወርዋሪዎች ጋር በወዳጅነት ግጥሚያ እየተፎካከረ ችሎታውን አሳይቷል። እንግዲህ ችሎታው አልተደበቀም፤ የተዘጋው በሩ ነው።

በ1938 ክንዱ ታመመና አበቃለት ተባለ። ካንሳስ ሲቲ በሁለተኛ ቡድኑ ቢይዘው ክንዱ ዳነ፤ በ1942 ቡድኑን ለሻምፒዮናነት አበቃ።

በ1947 በሩ ሲከፈት የገባው ግን ጃኪ ሮቢንሰን ነበር። በ1945 በካንሳስ ሲቲ አብሮት የተጫወተ፣ በዕድሜ ታናሹ የሆነ ሰው ነው። ፔጅ በዚህ ቅር መሰኘቱ አልቀረም። የእሱ ተራ የደረሰው በ1948፣ 42 ዓመት በሞላው ቀን፣ ክሊቭላንድ ሲያስፈርመው ነው። ተመልካች ለመሳብ የተደረገ ነው ብለው ያፌዙ አልጠፉም። እሱ ግን ስድስት ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው አንድ ብቻ ነው፤ ክሊቭላንድም በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። በ1965፣ በ59 ዓመቱ፣ ለካንሳስ ሲቲ ሦስት ዙር ወርውሮ አንድም ነጥብ አላስቆጠረም።

በ1971 ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ ሲመረጥ እንኳ በመጀመሪያ የታሰበው ለጥቁሮች በተለየ ክፍል እንዲቀመጥ ነበር። ተቃውሞ ስለተነሳ ቀረ። ፔጅ በ1982 አረፈ። የጥቁሮቹ ሊጎች ከትላልቆቹ እኩል መሆናቸው የታወቀው በ2020 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ አይደል? ከ1926 እስከ 1948 ያለፈውን 22 ዓመት ማን ይመልሰዋል?

እኛ ዕጩ መምህራን ከዚህ ሕይወት የምንይዘው አለ። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት መዝገባችን ላይ ቀሪ የሚባል፣ ሻንጣ ወይም እንጨት ተሸክሞ የሚውል ልጅ አይጠፋም። የባለቤቶቹን በር መክፈት በእጃችን ላይሆን ይችላል። እንደ ቢርድ ልጁን ልብ ብሎ ማየትና የምናውቀውን ሳንሰስት ማስተማር ግን በእጃችን ነው።