ጄምስ ብሩስና የሁለት መድኃኒቶች ስም

ከአንኮበር ተነሥቶ ቁልቁለቱን ወደ አሊዩ አምባ የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን ከመልቀቁ በፊት የኮሶን ዛፍ ያውቀዋል። የዚያው አገር ልጅ ደብረ ብርሃን ወጥቶ የጤና ትምህርት ሲጀምር ግን ያ የሚያውቀው ዛፍ ሃጌኒያ አቢሲኒካ በሚባል ስም ይቀርብለታል፤ ስለ ትል መድኃኒት ሲማርም አንቴልሚንቲክ የሚል ቃል ይጠብቀዋል። ብዙው ተማሪ እንዲህ ያለውን ቃል እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞ ለፈተና ይቀርባል፤ ከፈተናው በኋላም ይረሳዋል። እኛ ግን ቃሉን ፈታቶ ማየት ይሻላል ባዮች ነን። ለዚህም ከሁለት ኢትዮጵያውያን መድኃኒቶች ስም ጋር ሕይወቱ የተያያዘውን የጄምስ ብሩስን ታሪክ መርጠናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሊዩ አምባ የውጭ አገር ሐኪም አይታለች። እንግሊዛዊው ቻርልስ ጆንስተን በ1842 እዚያ ተቀምጦ ነበር፤ የጉዞ መጽሐፉንም በ1844 ለንደን ላይ አሳትሟል። ብሩስ ግን ከእሱ ሰባ ዓመት ያህል ቀድሞ የመጣ ሲሆን፣ በትምህርት ሐኪም አልነበረም። በ1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ ተወለደ። በ1763 አልጀርስ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሲሾም ከቆንስላው ሐኪም ጥቂት ሕክምና ቀሰመ፤ በኋላም ሐለብ ላይ ከዶክተር ፓትሪክ ራስል ጨመረበት። መንገደኛ ሰው መድኃኒት ካወቀ በየአገሩ በር እንደሚከፈትለት ገብቶት ነበር።

በ1769 ምጽዋ ገባ፤ በ1770 መጀመሪያም ጎንደር ደረሰ። በዚያ ጊዜ በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ቤት ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ብሩስ ተጠራ። ያደረገው ነገር የሚያስደንቅ አልነበረም፤ በርና መስኮት አስከፈተ፣ ቤቱን በዕጣን አሳጠነ፣ በሆምጣጤ አሳጠበ። ከበሽተኞቹ የሞቱ ቢኖሩም የራስ ሚካኤል ስሑል ባለቤት የወይዘሮ አስቴር ልጅ ዳነ። ከዚህ ወዲያ የቤተ መንግሥቱ ባለሟል ለመሆን ጊዜ አልፈጀበትም። የሸዋውን አምኃ ኢየሱስንም ጎንደር ላይ መተዋወቁን ጽፏል፤ አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን መናገሻቸው በማድረግ የሚታወቁት ናቸው።

በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አየ፤ ከእሱ በፊት በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ ማየቱን ግን ሊቀበል አልፈለገም። ከዚህ የሚብሰው በረዳቱ ላይ ያደረገው ነው። ዕፀዋቱን በጥሩ እጅ ይሥልለት የነበረው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ወደ ምንጩ አብሮት ሄዶ ነበር። በኋላ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ በደም ተቅማጥ ሞተ፤ ብሩስም አብሮት መሄዱን በመጽሐፉ ሸሸገ። ይህን ልንምረው አንችልም።

ወደ አገሩ ሲመለስ በሱዳን ጠረፍ በራስ ፊል ያው የደም ተቅማጥ ብሩስን ራሱን ያዘው። ያዳነው የአገሬው ሰው የሚያውቀው ዋጊኖስ የተባለ ቁጥቋጦ ነው፤ የሥሩ ቅርፊት ተወቅጦ ተሰጠው። ብሩስ ስሙን ጻፈ፣ ዘሩንም ይዞ ሄደ። በአውሮፓ ያሉ የዕፀዋት ሊቃውንትም ተክሉን ብሩሲያ አንቲዲሴንተሪካ አሉት።

እንግዲህ ይህን ረጅም ስም እንፍታው። የመጀመሪያው የሰውየው ስም ነው። ሁለተኛው ከግሪክ ቃላት የተገጣጠመ ነው፤ አንቲ ማለት የሚቃወም፣ ዲስ ማለት ክፉ ወይም የታወከ፣ ኢንተሮን ማለት አንጀት ነው። የአንጀትን መታወክ የሚቃወም ማለት ነው። ይህን የያዘ ተማሪ ኢንተራይቲስ የሚል ቃል ቢገጥመው አይደነግጥም፤ አይቲስ በመጨረሻ ሲመጣ ብግነትን ስለሚያመለክት የአንጀት ብግነት መሆኑን ራሱ ያገኘዋል። ጋስትሮ ሆድቃን ማለት መሆኑን ከጨመረበት ደግሞ ጋስትሮኢንተራይቲስን ያለ አስተማሪ ይፈታዋል። ዲስፔፕሲያ ቢባልም ዲስን ከዋጊኖስ ያውቀዋልና ምግብ አለመፈጨት ነው ሲሉት አይከብደውም። የእኛ ቋንቋ ቃልን የሚያበጀው በሌላ መንገድ ነው፤ ድኅነ ከሚለው የግዕዝ ግሥ መድኃኒት ይወጣል እንጂ ቃል በቃል ላይ አይቀጠልም። ተማሪያችንን መጀመሪያ ግር የሚያሰኘውም ይኸው ይመስለናል።

የኮሶ ነገር ደግሞ ያስቃል። ብሩስ መጽሐፉን በ1790 በአምስት ቅጽ ሲያሳትም ዛፉን በወዳጁ በጆዜፍ ባንክስ ስም ባንክሲያ አቢሲኒካ ብሎት ነበር። ባንክሲያ የሚለው ስም ግን ቀደም ብሎ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም። በ1791 በጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ በሃገን ስም ሃጌኒያ ተባለ፤ ቆይቶም በፈረንሳዊው ሐኪም በብራየር ስም ብራየራ አንቴልሚንቲካ የሚል ሌላ ስም ወጣለት። ሄልሚንስ በግሪክ ትል ነው፤ ትልን የሚቃወም ማለት ነው። በሦስት ፈረንጆች ስም የተጠራው ይህ ዛፍ በአማርኛ ያው ኮሶ ነው። እንዲያውም እኛ ትሉን ራሱን በመድኃኒቱ ስም ኮሶ ብለን እንጠራዋለን፤ በሽታው ከመድኃኒቱ ስም የተዋሰበት ሌላ ምሳሌ ወዲያው አይመጣልንም።

ብሩስ ለንደን ከተመለሰ በኋላ ተረቱ በዛ ተብሎ ብዙዎች ሳቁበት፤ ተቀይሞም ኪኔርድ ገባ። ስንቱን ገደልና ጦር ያመለጠው ሰው በ1794 አንዲት እንግዳ ወይዘሮ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ስሙ ግን አንድ ያልጠበቀው ቦታ ደርሷል። በ1819 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ከአንድ የዛፍ ቅርፊት መራራ መርዝ አወጡ፤ ቅርፊቱ የዋጊኖስ ዘመድ ነው ብለው ስላመኑም መርዙን ብሩሲን አሉት። ቅርፊቱ የተገኘው ግን ስትሪክኒን ከሚገኝበት ከስትሪክኖስ ዛፍ ነበር። ስለዚህ ብሩሲን የሚለውን ቃል ፈትቶ ብሩሲያ ላይ የሚደርስ ተማሪ አፈታቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ዛፉን ይስታል። ስሕተቱ ከታወቀ በኋላም ስሙን የለወጠው የለም፤ ዛሬም በኬሚስትሪ መጻሕፍት የሚገኘው በዚያው ስም ነው።