ሐኪሞችን ያስታጠበው ሐኪም

ስለ ሕክምና ሥነ ምግባር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የሂፖክራተስ መሐላ ነው፡፡ ቀጥሎ ደግሞ ቢቻምፕ እና ቺልድረስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስቀመጧቸው አራት መርሆዎች ይጠቀሳሉ፡፡ የታካሚን ውሳኔ ማክበር፣ በጎ ማድረግ፣ ጉዳት አለማድረስ እና ፍትሕ፡፡ በየስልጠናው ስላይድ ላይ ይነበባሉ፣ ማስታወሻ ላይ ይሰፍራሉ፣ ሻይ ሰዓት ይደርሳል፣ ይረሳሉ፡፡ ለእኔ ግን እነዚህ መርሆዎች ሥጋና ደም ለብሰው የሚታዩኝ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ነው፡፡ ሰውየው መርሆዎቹ በመጽሐፍ ከመስፈራቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የሞተው ሀንጋሪያዊ ሐኪም ኢግናዝ ሴሜልቫይስ ነው፡፡

ሴሜልቫይስ የተወለደው እ.ኤ.አ ጁላይ 1 ቀን 1818 በቡዳ ከተማ ታባን በሚባል ሰፈር ነው፡፡ (ቡዳ እና ፔስት ተዋህደው ዛሬ የምናውቃትን ቡዳፔስት የፈጠሩት በ1873 ነው፡፡) አባቱ ደህና ኑሮ የነበረው ነጋዴ ነበር፡፡ ልጁ ሕግ እንዲማር ወደ ቪየና ተላከ፤ ዓመት ሳይቆይ ሕጉን ትቶ ወደ ሕክምናው ዞረ፡፡ በ1844 ተመረቀ፡፡ ከሁለት ዓመት በኋላ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል የፕሮፌሰር ዮሐን ክላይን ረዳት ሆነ፡፡

እዚህ ላይ ስለ ሆስፒታሉ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፡፡ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ዳግማዊ በ1784 ያስከፈቱት ይህ ተቋም ለድሃ ሴቶች በነፃ ያዋልድ ነበር፡፡ ወደዚያ የሚመጡት አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች፣ ባል የሌላቸው፣ ከኅብረተሰቡ ዓይን ለመሸሸግ የሚፈልጉ ሴቶች ናቸው፡፡ የሚወለደውን ሕፃን የሕፃናት ማሳደጊያው ይረከባቸዋል፡፡ በአጸፋው ግን ሴቶቹ የተማሪዎች መማሪያ ይሆናሉ፡፡ ምጥ የያዛት ሴት በቀን ውስጥ በብዙ ተማሪዎች እጅ ትመረመር ነበር፡፡ ፈቃድሽ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ በሩን ስትገባ እንደፈቀደች ይቆጠራልና፡፡ ገንዘብ ያላቸው የቪየና ሴቶች የሚወልዱት ቤታቸው ነው፡፡

የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ፡፡ ሆስፒታሉ በተከፈተ በዓመቱ፣ በ1785፣ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ መጠቀም አይገባም፣ ሰው ራሱ ግብ ነው የሚለውን ሐሳቡን በመጽሐፍ አወጣ፡፡ በ1789 ደግሞ እንግሊዛዊው ቤንታም ለብዙኃኑ ትልቁን ደስታ የሚያመጣ ሥራ ትክክል ነው የሚለውን ስሌቱን አሳተመ፡፡ የቪየናው ማዋለጃ በሁለቱ መካከል የተቀመጠ የፈተና ጥያቄ ይመስላል፡፡ በእነዚህ ድሆች አካል ላይ የተማሩ ሐኪሞች ነገ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችን ያድናሉ፤ በቤንታም ስሌት ሒሳቡ ሳይዘጋ አይቀርም፡፡ በካንት ግን አይዘጋም፡፡ ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ የሚመስለው ካለ አንዱን ማስተማሪያ ሆስፒታል ይጎብኝ፡፡ እኔ ዘመድ ልጠይቅ በሄድኩበት አንድ ሆስፒታል ተማሪዎች የአንዲት እናት አልጋ ከብበው፣ ሳይጠይቋት አንሶላውን ሲገልጡ አይቻለሁ፡፡ እሷም ዝም አለች፡፡ በነፃ የሚታከም ሰው ምን አፍ አለው!

ወደ ቪየና እንመለስ፡፡ ማዋለጃው ሁለት ክፍሎች ነበሩት፡፡ ከ1840 ጀምሮ በአንደኛው ክፍል የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጆች ብቻ እንዲማሩ ተደረገ፡፡ ሴቶቹ በቀን ፈረቃ ይደለደላሉ፤ ዛሬ የመጡት ወደ አንደኛው፣ ነገ የሚመጡት ወደ ሁለተኛው፡፡ ምግቡ ያው፣ አልጋው ያው፣ ድህነቱም ያው ነው፡፡ ሞቱ ግን ያው አልነበረም፡፡ በ1846 በአንደኛው ክፍል ከወለዱ 4010 ሴቶች መካከል 459 ሞቱ፤ ከመቶ 11 በላይ መሆኑ ነው፡፡ በሁለተኛው ከ3754 የሞቱት 105 ናቸው፤ ከመቶ 3 አይሞላም፡፡ ገዳዩ የአራስ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ነበር፡፡

ሐኪሞቹ ባያውቁትም ሴቶቹ ያውቁ ነበር፡፡ አንደኛው ክፍል እንደደረሳቸው ሲነገራቸው ተንበርክከው ወደ ሁለተኛው እንዲዛወሩ ይለምናሉ፡፡ አንዳንዶቹ ሆን ብለው እስኪወልዱ መንገድ ላይ ይቆዩና ሳይታሰብ ምጥ መጣብኝ ይላሉ፤ እንዲህ ካሉ ልጃቸውን ማሳደጊያው አይከለክላቸውም፡፡ የሚያስደንቀው መንገድ ላይ የወለዱት አንደኛው ክፍል ከገቡት ይልቅ ይተርፉ ነበር፡፡ በሳይንስ ማዕከልነቷ በምትኮራ ከተማ ውስጥ ከሆስፒታል ጎዳና ይሻል ነበር ማለት ነው፡፡

ሹማምንቱ ግን ማብራሪያ አላጡም፡፡ የከተማዋ መጥፎ አየር ነው ተባለ፤ አየሩ ታዲያ ሁለተኛውን ክፍል ለምን ይምረዋል? መጨናነቅ ነው ተባለ፤ ሴቶቹ የሚሸሹት አንደኛውን ስለነበር የሚጨናነቀው ሁለተኛው ነበር፡፡ በሞት አፋፍ ላይ ያሉትን ለማቁረብ የሚመጣው ቄስ ደወል ሴቶቹን እያስፈራ ይሆን ተብሎም ተገመተ፤ ሴሜልቫይስ ቄሱን በሌላ መንገድ ያለ ደወል እንዲሄድ አስደረገ፡፡ ለውጥ የለም፡፡ ሴቶቹ በጎናቸው ተኝተው እንዲወልዱ አደረገ፡፡ አሁንም የለም፡፡ አንድ ኮሚሽን ደግሞ የውጭ አገር ተማሪዎች ሲመረምሩ እጃቸው ሻካራ ስለሆነ ነው አለ፡፡ ጥፋትን በእንግዳ ላይ መለጠፍ የትም አገር ያለ ነው፡፡

ምስጢሩን የፈታው የወዳጅ ሞት ነው፡፡ በማርች 1847 የፎረንሲክ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበረው ያኮብ ኮሌችካ አስከሬን ሲመረምር በአንድ ተማሪ ቢላ እጁን ተወጋና ታሞ ሞተ፡፡ ሴሜልቫይስ የወዳጁን የአስከሬን ምርመራ ውጤት ሲያነብ አራሶቹን የገደለውን በሽታ አንድ በአንድ አገኘው፡፡ ኮሌችካ ደግሞ አልወለደም! ስለዚህ በሽታው የማኅፀን ብቻ አይደለም፤ ከአስከሬኑ በቢላው በኩል የገባ ነገር ነው፡፡ ሐኪሞችና ተማሪዎች ደግሞ ጧት ጧት አስከሬን ሲከፍቱ ቆይተው በዚያው እጃቸው ወደ ምጥ ክፍል ይገባሉ፡፡ በሳሙና ይታጠባሉ፤ ሽታው ግን ከእጃቸው አይለቅም፡፡ አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም፡፡

ከሜይ 1847 አጋማሽ ጀምሮ ማንም ሰው ምጥ የያዛትን ሴት ከመንካቱ በፊት ክሎሪን ባለበት ውኃ እንዲታጠብ አዘዘ፡፡ እኛ ቤት በረኪና የምንለው ነገር የቅርብ ዘመድ ነው፡፡ የመረጠውም ሽታውን ስለሚያጠፋ ነው፤ ስለ ጀርም ያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም፡፡ በኤፕሪል ከመቶ 18 የነበረው ሞት በጁን ወደ 2 ገደማ ወረደ፡፡ በ1848 ዓመቱን ሙሉ ከወለዱት 3556 ሴቶች የሞቱት 45 ብቻ ናቸው፡፡ በዚያው ዓመት አንዲትም እናት ያልሞተችባቸው ወራት ነበሩ፡፡

በመካከሉ ያጋጠመው ነገር ትምህርቱን አሰፋው፡፡ በኦክቶበር 1847 የማኅፀን ካንሰር ያለባት ሴት መጀመሪያ አልጋ ላይ ተኝታ ነበር፡፡ መርማሪዎቹ እሷን ነክተው፣ በሳሙና ብቻ ታጥበው ወደ ቀጣዮቹ አለፉ፡፡ አብረዋት ከወለዱት 12 ሴቶች 11ዱ ሞቱ፡፡ ከዚያ ወዲህ ከአስከሬን ብቻ ሳይሆን ከሕያው ሰው ቁስልም ሞት ሊተላለፍ እንደሚችል ተረዳ፤ በየታካሚዋ መካከል መታጠብ ግዴታ ሆነ፡፡

አሁን ወደ ከባዱ ነገር መጣን፡፡ ይህ ግኝት እንደ ሌሎቹ ግኝቶች አልነበረም፡፡ ሌላው ግኝት ለሐኪሙ አዲስ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ይህኛው ግን ገዳዩ አንተ ነህ ይለዋል፡፡ ሴሜልቫይስ ራሱ ከማንም በላይ አስከሬን ሲመረምር የነበረ ሐኪም ነው፡፡ በእሱ እጅ ምክንያት ስንት ሴቶች ወደ መቃብር እንደወረዱ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ መሆኑን በ1861 መጽሐፉ ውስጥ ሳይሸፋፍን ጻፈ፡፡ የኪል ከተማው የማዋለጃ ፕሮፌሰር ጉስታቭ ሚካኤሊስ ደግሞ ትምህርቱን ተቀብሎ እጅ መታጠብን ሥራ ላይ ካዋለ በኋላ ጸጸቱን ሊሸከመው አልቻለም፤ በ1848 ራሱን ባቡር ሥር ጥሎ ሞተ፡፡ ጉዳት አለማድረስ የሚለውን መርህ በስላይድ ላይ ስናነብ ሚካኤሊስን ብናስብ ደግ ነው፡፡

የቀሩት ግን እውነቱን ከመቀበል ይልቅ መካድ ቀለላቸው፡፡ ፕሮፌሰር ክላይን በተለይ፡፡ ከእሱ በፊት የነበሩት ፕሮፌሰር ቦኤር ተማሪዎቻቸውን በሰው አምሳል በተሠራ ሞዴል እንጂ በአስከሬን አያስተምሩም ነበር፤ የእሳቸው የመጨረሻ ዓመት ሞት ከመቶ 1 አይሞላም፡፡ ክላይን ወንበሩን ይዞ አስከሬኑን ሲያስገባ በ1823 ከመቶ 7 አለፈ፡፡ ሴሜልቫይስ ይህን ከሆስፒታሉ መዝገብ አወጣው፡፡ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ያወጣ ረዳት የሥራ ዘመኑ ይራዘምለታል ብሎ የሚጠብቅ የዋህ ነው፡፡ በማርች 1849 ጊዜው ሲያልቅ አልተራዘመለትም፡፡

ለፍርድ ሚዛን ያህል ግን እንዲህም ማለት ይገባል፡፡ ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ደንቆሮዎች አልነበሩም፡፡ የአበርዲኑ አሌክሳንደር ጎርደን በ1795፣ አሜሪካዊው ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ በ1843 የአራስ ትኩሳት በሐኪምና በአዋላጅ እንደሚተላለፍ ጽፈው ስለነበር የእንግሊዝ ሐኪሞች ሴሜልቫይስ አዲስ ነገር እንዳመጣ አልታያቸውም፡፡ ትልቁ ጥፋት ደግሞ የራሱ ነው፡፡ አልጻፈም! ግኝቱን በመጽሔት ያስተዋወቁለት ወዳጁ ሄብራና ሌሎች ነበሩ፡፡ እሱ በ1850 በቪየና የሐኪሞች ማኅበር ፊት ተናገረ፤ በዚያው ዓመት በሞዴል ብቻ እንዲያስተምር ሲፈቀድለት ተናዶ፣ ለደጋፊዎቹ እንኳ ሳይነግር ወደ ፔስት ሄደ፡፡ መጽሐፉ የወጣው ከግኝቱ 14 ዓመት ቆይቶ ነው፡፡ መጻፍ አይወድም ነበር ይላሉ፡፡ የሚያድን ነገር ይዞ ዝም ማለት በሥነ ምግባር ሚዛን ከመካድ ስንት ይራራቃል? እኔ ብዙም የሚራራቅ አይመስለኝም፡፡

በፔስት ቅዱስ ሮኩስ ሆስፒታል ከ1851 እስከ 1855 ከወለዱ 933 ሴቶች በአራስ ትኩሳት የሞቱት 8 ብቻ ነበሩ፡፡ በ1855 የፔስት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1857 አገባ፡፡ ከመጽሐፉ በኋላ ግን ትዕግሥቱ አለቀ፡፡ ለታወቁ የአውሮፓ የማዋለጃ ፕሮፌሰሮች ግልጽ ደብዳቤዎች እየጻፈ፣ ትምህርቱን ያልተቀበለውን ሁሉ በስሙ እየጠራ ነፍሰ ገዳይ ይለው ጀመር፡፡ በቁጥር ትክክል ነበር፤ በአነጋገሩ ግን ሊሰሙት ይችሉ የነበሩትንም አጣ፡፡

በ1865 ጠባዩ ተለዋወጠ፡፡ ሕመሙ ምን እንደነበር ዛሬም ያከራክራል፡፡ በጁላይ መጨረሻ ቤተሰቡ ወደ ቪየና ወሰዱት፡፡ ጣቢያ የተቀበለው ያው የጥንት ወዳጁ ሄብራ ነው፡፡ አዲስ የተከፈተ የሕክምና ተቋም ላሳይህ ብሎ ወደ አንድ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ይዞት ሄደ፡፡ የት እንዳለ ሲገባው ሊወጣ ታገለ፤ ጠባቂዎች ያዙት፣ እጅ በሚያስር ልብስ ጠፍረው ጨለማ ክፍል አስገቡት፡፡ ደብድበውታል ተብሎም ይታመናል፡፡ ሄብራ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለወዳጁ የሚበጀውን ያደረገ መስሎታል፡፡ ለታካሚው ጥቅም ሲባል ታካሚውን ማታለል... የዛሬ የሥነ ምግባር መምህራን በዚህ ላይ ብዙ ሰዓት ይከራከራሉ፡፡ ሴሜልቫይስ ለመከራከር ሁለት ሳምንት ብቻ ነበረው፡፡ በኦገስት 13 ቀን 1865 ከቁስሉ በተነሳ የደም መመረዝ ሞተ፤ ኮሌችካንና እናቶቹን የገደለው ዓይነት ሞት፡፡ ዕድሜው 47 ነበር፡፡

ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በኬሚካል ማጽዳትን ያስተዋወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1867 ነው፡፡ ፓስተር በ1879 የአራስ ትኩሳትን ጀርም አሳየ፡፡ የቡዳፔስቱ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከ1969 ጀምሮ በሴሜልቫይስ ስም ይጠራል፣ የተወለደበት ቤት የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ሆኗል፡፡ ይህ ሁሉ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው፡፡ በፔስት ዩኒቨርሲቲ ማዋለጃ የእሱን ወንበር ያኖሽ ዲሸር የተባለ ሐኪም ተረከበ፤ ወዲያው የእናቶቹ ሞት ስድስት እጥፍ አድጎ ከመቶ 6 ደረሰ፡፡ ምርመራ አልተደረገም፤ ከከተማዋ ሐኪሞችም ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፡፡