ኒኮላይ ቫቪሎቭ፦ ዘር ሰብሳቢው

በፋሲካ ሰሞን ከኪርያት መላኪ ወጣ ስንል የደረሰ የስንዴ ማሳ እናያለን። ስንዴ ማበቢያው መድረሱን በምን ያውቃል? ይህ ጥያቄ የቫቪሎቭን ሕይወት ያስታውሰናል።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 ሞስኮ ተወለደ። በ1926 ወደዚህ አገር መጥቶ ዘር ሰበሰበ። ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ሄደ፤ ራስ ተፈሪ ተቀበሉት። በበቅሎ እስከ ጎንደር ተጉዞ የአያቶቻችንን ስንዴና ገብስ ለቀመ።

አገሩ ላይ ግን ሊሴንኮ የሚባል ሰው ተነሳበት። ሊሴንኮ የስንዴ ዘር በብርድ ከታከመ ባሕርዩ ለልጅ ልጅ ይለወጣል፣ ዘረመል (ጂን) የሚሉት ነገር ውሸት ነው ባይ ነበር። ስታሊን ደገፈው። ቫቪሎቭ እውነቱን አልካደም፤ በ1940 ታሰረ፣ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ።

ዛሬ ነገሩ ታውቋል። በብርድ አገር ስንዴ ውስጥ አንድ ዘረመል ማበብን ያግዳል። ብርዱ ሲበቃው ሌላው ዘረመል ነቅቶ አጋጁን ዝም ያሰኘዋል፤ ያኔ ሦስተኛው አበባውን ያስጀምራል። ዘረመሎቹ ግን ራሳቸው አይለወጡም፤ የሚቀጥለው ዘር እንደገና ብርድ ይፈልጋል። ስለዚህ ቫቪሎቭ ልክ ነበር።

እኛም ወላጆቻችንን ስለ አገር ቤት እህል እንጠይቅ፤ እነሱ የሚያውቁት ብዙ ነው።