ውሾቹን ያስቀደመው ሐኪም

የምንኖረው ዘነበወርቅ፣ ከአለርት አጥር ብዙ ሳንርቅ ነው። ባለፈው እሁድ ቡና ተፈልቶ ጨዋታው ሁሉ የእኔ ኩላሊት ሆነ። ታናሽ ወንድሜ እጥበት ላይ ነው፤ በምርመራው የእኔ ኩላሊት ለእሱ የሚስማማ መሆኑ ታውቋል። እናቴ ግን ነገሩ አልዋጥ ብሏታል። አንዱ ልጇ ታሞ ጤነኛውን አስተኝቶ ማስቀደድ ለእሷ ሁለቱንም የማጣት ያህል ነው። ጎረቤታችን እትዬም ጨመሩበት፤ አንድ ኩላሊት ያለው ሰው ከእንግዲህ ባልዲ ውሃ እንኳ አያነሳም አሉ። እኔ ከመከራከር ይልቅ የአንድ ጀርመናዊ ሐኪም ታሪክ ነገርኳቸው። ለእናንተም ላውጋችሁ። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ጉስታቭ ሲሞን ይባላል። በ1824 ዳርምሽታት ከተማ ተወለደ፤ በጊሰንና በሃይደልበርግ ሕክምና ተማረ፤ ከዚያም ለዓመታት የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆኖ ሠራ። ስሙን ያስጠራው ግን የፌስቱላ ቀዶ ጥገና ነው። ፓሪስ ሄዶ እዚያ ያሉት ሐኪሞች እንዴት እንደሚሰፉት አየና የራሱን ዘዴ ይዞ ተመለሰ። ፌስቱላ ሴትን ምን እንደሚያደርጋት፣ የሐምሊኖች ሆስፒታል ላለባት አዲስ አበባ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በ1861 ሮስቶክ፣ በ1867 ደግሞ ሃይደልበርግ ፕሮፌሰር ሆነ።

ሃይደልበርግ ሳለ ማርጋሬታ ክሌብ የምትባል የ46 ዓመት ሴት መጣችበት። ቀደም ሲል በተደረገላት ቀዶ ጥገና ከግራ ኩላሊቷ ሽንት የሚያወርደው ቱቦ ተጎድቶ፣ ሽንቱ በሆዷ ቁስልና በብልቷ ይፈስ ነበር። ሲሞን ለመድፈን ሞከረ፤ አልሆነለትም። የቀረው ኩላሊቱን ማውጣት ብቻ ነው። ነገር ግን ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር ይችል እንደሆነ ያን ጊዜ አረጋግጦ ያሳየ ሐኪም አልነበረም። ከዚያ በፊት ኩላሊት በስሕተት፣ ሌላ እጢ ነው ተብሎ የወጣበት ጊዜ አለ፤ መጨረሻው ሞት ነበር።

ሰውዬውን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። አልቸኮለም። መጀመሪያ ከውሾች አንድ አንድ ኩላሊት እያወጣ፣ የቀረው ብቻውን ሥራውን እንደሚችል አየ። ቀጥሎ በወገብ በኩል የሚገባበትን መንገድ በሬሳ ላይ ተለማመደ። ከዚያ በኋላ ነው ኦገስት 2 ቀን 1869 ክሌብን በክሎሮፎርም አስተኝቶ በ40 ደቂቃ ኩላሊቷን ያወጣው። ቁስሉ አመርቅዞ አሰቃያት፤ ሆኖም ድና ቤቷ ገባች።

ከሁለት ዓመት በኋላ የኩላሊት ጠጠር ያለባትን ሌላ ሴት እንዲሁ አደረገላት፤ እሷ ግን በኢንፌክሽን ሞተችበት። እናቴ ይህን እንዳልደብቃት ፈልጌ ነገርኳት፤ ስኒዋን አስቀመጠች። ሲሞን የኩላሊት ቀዶ ጥገና መጽሐፉን ጽፎ በ1876፣ ገና በ52 ዓመቱ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር አብጦበት አረፈ።

እሱ ከሞተ ከ78 ዓመት በኋላ ነው ቦስተን ውስጥ ሮናልድ ሄሪክ ለመንታ ወንድሙ ኩላሊት የሰጠው። ሰጪው ከዚያ በኋላ 56 ዓመት ኖሯል። ያኔና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ለጋሹ ጎኑን በረጅሙ ይቀደድ ነበር። በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የለጋሽን ኩላሊት ማውጣት የተጀመረው በ1995፣ ባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ነው። ብዙ ሰው ኩላሊቱ ራሱ በዚያች ቀዳዳ ተስቦ የሚወጣ ይመስለዋል፤ አይደለም፣ ለማውጫው ከሆድ በታች ጥቂት ሴንቲሜትር ይቀደዳል። ሕመሙ ያንሳል፣ ወደ ሥራ መመለሱም ይፈጥናል። እኛ ሀገር ንቅለ ተከላ በጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በእኛው አቆጣጠር በ2008 መባቻ ነው።

እናቴ የፈለገችው ግን አንድ ነገር ነው፤ ሞት አለው ወይስ የለውም? አለው፣ ግን በጣም ጥቂት። አሜሪካ ውስጥ ከ1993 እስከ 2022 ኩላሊት ከሰጡ 164,593 ሰዎች በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት 36 ናቸው። በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ከ10,000 ለጋሽ አንድ እንኳ አይሞላም። የኋላው ጣጣም አለ፤ በዚያው ሀገር በተሠራ ስሌት፣ በዕድሜ ዘመናቸው ኩላሊታቸው የሚከሽፍባቸው ለጋሾች ከ10,000 ወደ 90 ይደርሳሉ፤ ያልሰጡና እንደነሱ ጤነኛ የሆኑት ግን 14 ገደማ ናቸው። ይህ ቁጥር ተጣርተው ያለፉ ሰዎች ቁጥር ነው። ለእኔ ከቀዳዳው ማነስ ይልቅ የሚያስተማምነኝ ማጣሪያው ነው። ስኳር ወይም አስቸጋሪ ግፊት ያለበትን ሰው ወንድሙ እየሞተበትም ቢሆን ይመልሱታል፤ ይህ ጭካኔ የሚመስለው ቢኖር ሲሞን ውሾቹን ለምን እንዳስቀደመ አልገባውም ማለት ነው።

እትዬ ስለ ባልዲው አልተረቱም። እናቴ ሦስተኛውን ቡና እስክትቀዳ ዝም ብላ ቆየች። ሐሙስ የግፊት ምርመራ አለኝ፤ አብራኝ እንደምትሄድና ሐኪሙን ራሷ የምትጠይቀው ነገር እንዳላት ነግራኛለች።