ንግሥቲቱና ጨው

እናቴ በየዓመቱ ለፋሲካ ሳሎናችንን ቀለም ታስቀባለች። ክረምት ሲገባ ግን ቀለሙ ያብጥና ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ይረግፋል። አምና “እኔ አውቃለሁ” ብዬ ባጠራቀመችው ብር የዘይት ቀለም አስገዛኋትና ቀባሁት። ባሰበት። የግብፅ ንግሥት ነፈርታሪን ታሪክ ሳነብ ነው ጥፋቴ የገባኝ።

ነፈርታሪ የዳግማዊ ራምሴስ ዋነኛ ሚስት ነበረች። ዝም ብላ ዙፋን አጠገብ የተቀመጠች ሴት እንዳትመስላችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1259 ገደማ ግብፅና ኬጢያውያን ሲታረቁ፣ ለኬጢያውያኑ ንግሥት ለፑዱሔፓ ደብዳቤ ጽፋ ስጦታ ልካለች። አቡ ሲምበል ላይ ባሏ ባሠራላት ቤተ መቅደስ ፊት ለፊትም ሐውልቷ ከእሱ ሐውልት እኩል ቆሟል፤ የሌሎች ንጉሣውያን ሚስቶች ምስል ብዙውን ጊዜ ከባላቸው ጉልበት አያልፍም ነበር።

በንግሥታት ሸለቆ መቃብር ተፈለፈለላት። የኖራ ድንጋዩ ጥሩ ስላልነበረ ሠራተኞቹ ግድግዳውን በጀሶ ለስነው ሥዕል ሣሉበት። ጣጣው የጀመረው እዚህ ጋ ነው። የልስኑ ውሃ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሟው። ውሃው ሲተን ጨው ከሥዕሉ ሥር ጠጠረና ልስኑን ከነቀለሙ ገፍቶ ጣለው። ጣሊያናዊው ኤርኔስቶ ስኪያፓሬሊ እ.ኤ.አ. በ1904 መቃብሩን ሲያገኝ ሥዕሉ በከፊል ረግፎ ነበር።

ከ1986 እስከ 1992 የጌቲ ተቋም ከግብፅ የቅርስ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ጠገነው። የጠፋውን ሥዕል አዲስ አልሣሉም። ጨውን አነሱ፣ የላላውን ልስን አጣበቁ። በ1995 ለሕዝብ ሲከፈትም የጎብኚ ቁጥር ተገደበ፤ ምክንያቱም የሰው ትንፋሽና ላብ ራሱ እርጥበት ነው።

የእኛም ቤት ነገር ይኸው ነው። ጨውን የሚያመላልሰው ውሃ ነው። የእኔ የዘይት ቀለም ውሃውን አላስቀረውም፤ መውጫ ብቻ ዘጋበት። ለካ መጀመሪያ መጠገን የነበረበት ከግድግዳው ጀርባ የተቀደደው አሸንዳ ነው። ከዚያ ጨውን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ ግድግዳው እስኪደርቅ መታገሥ፣ በመጨረሻም እርጥበት የሚያስተነፍስ ቀለም መቀባት።

ለእናቴ ነገርኳት። ዘንድሮ የቀለሙ ብር ለአሸንዳው ይውላል፤ ፋሲካን በተላጠ ግድግዳ እናሳልፋለን።