አለቃ ገብረ ሐና እና የትውስታ ሚዛን

አለቃ ገብረ ሐና በጨዋታቸው እጅግ የታወቁ በመሆናቸው የሊቅነታቸው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ትውልዳቸው በ1814 ዓ.ም. ገደማ ከአንበሳሜ በስተሰሜን በሚገኘው የፎገራ ምድር፥ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ቅኔና አቋቋም ተምረው ገና በወጣትነታቸው የጎንደር በዓታ አለቃ ለመሆን በቁ።

ልኬት ሙያው ለሆነ ሰው ያለፉበት ፈተና ራሱ ሊጠና የሚገባው ነው። የቅኔ ተማሪ አንዳች ሳይጽፍ የግእዙን ቃል፥ የዜማውን ልክ፥ የቤቱን መምቻ፥ ሰሙንና ወርቁን በአእምሮው ይዞ ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ይነግራል። ሸክሙም በደረጃ ይከብዳል፤ ጉባኤ ቃና 2 ቤት ነው፥ ዘአምላኪየ 3፥ ዋዜማ 5፥ ሥላሴ 6፥ መወድስ 8። ነገርን በአእምሮ ይዞ በዚያው ላይ የመሥራት ችሎታ ከዚህ በላይ በምን ይፈተናል?

ጆሴፍ ጄኮብስ የተባለው ሊቅ በ1887 እ.ኤ.አ. በለንደን ተማሪዎች አንድ ጊዜ የሰሙትን ቍጥርና ፊደል በተራው እንዲደግሙ እያደረገ ሲለካ፥ ነጥቡ ያለ ስሕተት የተደገመው ረጅሙ ዝርዝር ነበር። እንዲህ ያለው አቈጣጠር ከ8 አንዱን የሳተውንና 7ቱን የሳተውን እኩል ያደርጋቸዋል። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በትክክል ለተያዘው ክፍል ሁሉ ነጥብ መስጠትን መረጡ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ግምገማም ይህ መንገድ የሰዎችን ልዩነት አጥርቶ እንደሚያሳይ ደግፏል። የቅኔ መምህር ግን ሁለቱንም ሚዛን ይዞ ኖሯል፤ የጐደለውን ቤት ለይቶ ያርማል እንጂ ቅኔውን በሙሉ አይጥልም፤ ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያሳልፈው ግን ሙሉውን ላቀና ነው።

የአለቃ ገብረ ሐና ፈጣን መልስ ከዚህ ልምምድ የተገኘ ይመስላል፤ የባላጋራን ቃል ይዞ በዚያው ቅጽበት ወደ ሌላ ፍች ማዞር የቅኔ ቤት ሥራ ነውና።

ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ባለመስማማታቸው ሸሽተው በጣና በሬማ ደሴት ሲቀመጡ፥ የሐይቁን ማዕበልና የቄጤማውን መወዛወዝ አይተው አዲስ የአቋቋም ስልት እንዳወጡ ይነገራል። የበዓታ ሊቃውንት ግን ስልቱን በጅምላ ገፉት ይባላል፤ በዚህ ላይ ቤት ለቤት ያረመ አልተገኘም። ልጃቸው አለቃ ተክሌ ተቀብለው በደብረ ታቦር አስተማሩት፤ የተክሌ አቋቋም እየተባለ እስከ ዛሬ ይዘመማል።